መቀሱ በማን እጅ ነው?

ስለ መንግሥት ወጪ ቅነሳ ወሬ በተነሳ ቁጥር ገበያው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስንት ተቀነሰ? መቼ ይጀመራል? መቀሱን የያዘው ማን ነው፣ የሚቆረጠውስ ከየትኛው መዝገብ ነው ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ በዚህ በተረሳው ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ጸሐፊው የወጪ ቅነሳ ጠላት አለመሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። ካለው በላይ የሚያወጣ መንግሥት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በመበደር ሲሞላ፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ሾላ ገበያ ወርዶ ጤፍ የሚሸምተው ሰው ነው። ስለዚህ ይቆረጥ። ክርክሬ በአቆራረጡ ላይ ነው።

ለዚህ ክርክር ማስረጃ ፍለጋ ዋሽንግተን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የካ ክፍለ ከተማ ይበቃል። ከቀበና ወደ መገናኛ የሚጓዝ ሰው የእንግሊዝ ኤምባሲን ረዥም አጥር ሳያይ አያልፍም። የጣሊያን ኤምባሲም ከዚያው አካባቢ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው ከኤምባሲው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከዓድዋ ድል በኋላ ደጅ ለጠኑ መንግሥታት ከእንጦጦ ግርጌ ሰፋፊ መሬት አደሉ። ከመሬቱ ተቀባዮች ሁለቱ፣ ጣሊያንና እንግሊዝ፣ ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ በተከታታይ የኢትዮጵያን የገንዘብ ሣጥን ቁልፍ ለመያዝ ሞክረዋል። አንደኛው በጦር፣ ሌላው በዕርዳታ ስም። ከየካም በኮተቤ አድርጎ ወደ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን የሚወጣው የአስመራ መንገድ የዚያ ታሪክ ምስክር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የሮማ ክርክር

የጣሊያንን ወረራ ሕዝባችን የሚያስታውሰው በመርዝ ጋዙና በየካቲት 12 ጭፍጨፋ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ይሁንና ወራሪው መንግሥት የሒሳብ መዝገብም ነበረው። መዝገቡም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጎዶሎ ነበር።

በሚያዝያ 1928 ጣሊያኖች አዲስ አበባ ሲገቡ የከተማዋ ዋና የዕቃ መግቢያ የጅቡቲ ባቡር ነበር። ባቡሩ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ኪራዩ የሚከፈለው በፍራንክ ነው። ከጣሊያን የሚመጣው መርከብ ሁሉ ደግሞ ለሱዌዝ ቦይ ኩባንያ ማለፊያ ይከፍላል፤ ያም በውጭ ምንዛሪ ነው። ከዚህ ለመገላገል ሙሶሊኒ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ በጥድፊያ አሠራ። ጣርማ በር ላይ ተራራው ተሸንቁሮ ዋሻ ወጣለት። ከዚያ ወዲህ የደሴና የመቀሌ ጭነት መኪኖች ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያው ዋሻ ሲመላለሱ ኖረዋል። ሥራው ትልቅ ሥራ ነው፤ አይካድም። የተሠራው ግን ለወታደርና ለስንቅ እንጂ የመንዝ ገበሬ ገብሱን ለገበያ እንዲያወጣ ታስቦ አልነበረም።

ገንዘቡን በተመለከተ ሮማ ውስጥ ሁለት ወገን ተፈጠረ። በአንድ ወገን የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌሶናና አዲስ አበባ የተቀመጠው ግራዚያኒ፣ በሌላው ወገን የገንዘብ ሚኒስትሩ ታኦን ዲ ሬቬልና የውጭ ምንዛሪን የሚቆጣጠረው ጓርኔሪ ነበሩ። (ሌሶናና ግራዚያኒ እርስ በርሳቸውም የማይዋደዱ ነበሩ፤ ገንዘብ ሲጠይቁ ግን አንድ ነበሩ።) የጓርኔሪ ክርክር ለዛሬ አስመጪ እንግዳ አይደለም። ኢምፓየሩ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል ተብሎ ነበር፤ አሁን የያዝነውንም እያስወጣ ነው፤ ይህ እንዴት ይቀጥላል? ነው ያለው። ያለ ምክንያትም አልነበረም። ወርቅ፣ ቡናና ቆዳ ይገኝበታል የተባለው አገር፣ አርበኞች በየጫካው በመሸፈታቸውና ገበሬው እህሉን በመደበቁ፣ ለጣሊያን ሠራዊትና ሠራተኛ የሚሆነውን ስንዴ ከውጭ የሚያስገባ አገር ሆኖ አረፈው።

ሙሶሊኒ ይህን ጉድለት የሞላው በሁለት መንገድ ነው። በመስከረም 1929 ሊሬ 40 በመቶ ያህል ዋጋውን እንዲያጣ ተደረገ። በዚያው ሰሞን የጣሊያን ቤትና መሬት ባለቤቶች ለመንግሥት በግዴታ እንዲያበድሩ ታዘዙ። በ1930 ደግሞ በአክሲዮን ኩባንያዎች ካፒታል ላይ ልዩ ግብር ተጣለ። የሚላኖ ባለሀብት ቢያንስ የብድር ወረቀት ተሰጥቶታል። ሊሬ በእጁ የያዘው የአዲስ አበባ ነጋዴ ግን ምንም ወረቀት አልተሰጠውም። አንድ ማለዳ ሲነቃ ገንዘቡ ቀንሶ አገኘው።

የገበያው መልስ ምን ነበር? ብር፤ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ። ጣሊያኖች ጠገራውን በሊሬ ለመተካት ሞክረው ገጠሩ እምቢ አላቸው። ገበሬው ወረቀት አልቀበልም ሲል በሬውንም ማሩንም ይዞ ተመለሰ። ራሳቸውም የኦስትሪያን ማተሚያ ቅርጽ ወስደው ሮማ ላይ ጠገራ ሲያስመቱ ኖሩ። ሙሶሊኒን ያህል ሰው በወላይታና በጎጃም ገበያተኛ መሸነፉ ነው። በሕግ የማይፈቀድለትን የበጀት ክርክር ሕዝቡ በገንዘብ ምርጫው አካሄደው ማለት ይቻላል።

ከተማው ነጋዴ ግን ይህን ያህል አቅም አልነበረውም። ትልቁ የሕንዶች ድርጅት መሐመድአሊ በ1929 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ፤ የአስመጪነቱና የላኪነቱ ሥራ ለጣሊያን ኩባንያዎች ተላለፈ። የኢትዮጵያ ባንክ ተዘግቶ በቦታው የጣሊያን ባንኮች ገቡ። በበጀቱ ላይ ሮማ ስትከራከር እዚህ ያለው ገበያ ማን እንደሚከራከርለት እንኳ አያውቅም ነበር።

በ1930 ግራዚያኒ ተነስቶ የአኦስታው መስፍን አሜዴዎ ሲተካ የቅነሳው ዘመን መጣ። መቀሱ መጀመሪያ ያረፈው በሠራተኛ ላይ ነው። በውድ ደመወዝ ከጣሊያን የመጣው የቀን ሠራተኛ በብዛት ወደ አገሩ ተሸኘ፤ በቦታው በጥቂቱ የሚከፈለው ያገሬው ሰው ገባ። ከዚያ ቀጥሎ የከተማው ፕላን ተቆረጠ። ጉዲና ቫሌ የተባሉ መሐንዲሶች ለአዲስ አበባ ታላላቅ አደባባዮችና የመንግሥት ሕንፃዎች ነድፈው ነበር። ስመ ጥሩው ለኮርቡዚየም ሳይጠሩት የራሱን ንድፍ ልኳል፤ በእርሱ ንድፍ የነበረችው ከተማ ከነአካቴው ትነሳለች። ገንዘብ ባለመኖሩ ያ ሁሉ በወረቀት ቀረ። የተሠሩት ያን ያህል ገንዘብ የማይጠይቁት ናቸው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት ቤቶች ካዛንቺስ የሚለውን ስም ትተውልን ሄዱ፣ ፖፖላሬም እንደዚሁ፣ ያገሬውም ሰው ገበያ ከአራዳ ተነስቶ መርካቶ ተባለ። በዚህ አንድ ነገር መቀሱን አመሰግነዋለሁ። ለኮርቡዚየ በጀት ቢያገኝ ኖሮ እዚህ የምናወራበት ከተማ ባልኖረ ነበር። (የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈርም ራሱ በ2017 ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አይተናል።)

አንድ ቃል ለመቀየር ስምንት ወር

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከእርሳቸው ጋር የገባው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ የያዘውን አገር የሚያስተዳድር የራሱ መሥሪያ ቤት ነበረው፤ የሚመራውም ሰር ፊሊፕ ሚቼል በቅኝ ግዛት አስተዳደር ያደገ ሰው ነው። ንጉሡ በግንቦት መጀመሪያ ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ፣ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ሹመቱ አይጸናም ተባሉ። በዚያው ወር እንግሊዞች ካቀረቧቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ለገበያ ገጻችን የሚሆን ነው። ግብር የሚጣለውና የመንግሥት ወጪ የሚደለደለው ከእንግሊዝ መንግሥት አስቀድሞ ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ይሁን የሚል ነበር።

የእንግሊዝ ክርክር ባዶ አልነበረም። ገንዘቡን የምንሰጠው እኛ ነን፤ ለንደን በጦርነት ተወጥራለች፤ የግምጃ ቤታችን ሹማምንት ሒሳብ ሳያዩ ፓውንድ አይለቁም አሉ። የትኛውም አበዳሪ እንደዚህ ይላል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ጣሊያን የተከላቸውን የፋብሪካ መሣሪያዎች እየነቀለ ወደሚያስተዳድራቸው ሌሎች አገሮች ይልክ ነበር። የባቡሩንም ሥራ የሚያዙት እነርሱ ነበሩ። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በየገበያው ገባ። የኢትዮጵያ መንግሥት ወጪውን ይቆጥብ እየተባለ የሚቆጥብበት ንብረት በጭነት መኪና ሲወጣ ማየት ለአንድ ገንዘብ ሚኒስቴር ምን ያህል መራራ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ክርክሩ ስምንት ወር ፈጀ። ጥር 23 ቀን 1934 የተፈረመው ውል ለመጀመሪያው ዓመት 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን፣ ውሉ ከቀጠለ ለሦስተኛው 500 ሺህ፣ ለአራተኛው 250 ሺህ ይላል። ብዙ ጸሐፊዎች የሚጠቅሱት ይህን ቁጥር ነው። እኔ ግን በዚያ ውል ውስጥ ትልቁ ነገር አንድ ሐረግ ይመስለኛል። በግንቦት ‘አስቀድሞ ፈቃድ’ ይል የነበረው በጥር ‘የቅርብ ትብብር’ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥትን ወጪ በተመለከተ ከእንግሊዛዊው አማካሪ ጋር በቅርብ ተባብረው ለመሥራት ተስማሙ። አማካሪው ይመክራል፤ ፊርማው ግን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነ።

አንባቢ ‘ታዲያ ምን ልዩነት አለው? ገንዘብ ሰጪው በተዘዋዋሪ አዛዥ አይደለም ወይ?’ ይል ይሆናል። ልዩነቱ በሚቀጥሉት ዓመታት ታየ። ብዕሩ እዚህ ስለ ቀረ በ1935 የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። በሐምሌ 1937 ደግሞ የራሳችን ብር ወጥቶ ሽልንጉን አስወጣው። በፈቃድ የሚሠራ መንግሥት እነዚህን ሁለቱንም ለማድረግ ለንደንን ደጅ ይጠና ነበር፤ ለንደን ደግሞ ሽልንጉን የሚያትመው የምንዛሪ ቦርድ የሚቀመጥባት ከተማ ናት።

ስለ ዕርዳታው መቀነስ ማለት ያለብኝ ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ለቤተ መንግሥቱ የሚመች አይደለም። ሰጪው በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ ገንዘብ ሲሰጥ ተቀባዩ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወጪ ይቀንሳል ወይም ግብር ይጨምራል። ግብር ተመረጠ። በ1934 እና በ1937 የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ከዚያ ስሌት የሚለዩ አይደሉም። ገበሬው ስለ ለንደኑም ስለ አዲስ አበባውም ድርድር የሰማው ነገር አልነበረም። የሰማው ቀማሹና ለኪው ሲመጣበት ነው። በ1935 ትግራይ ላይ በተነሳው የወያኔ አመጽ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ የግብርና የሹማምንት ጭነት ነበር፤ አመጹን ለማፈንም ከኤደን የተነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ጎጃምም በመሬት ግብሩ ላይ አስቸግሮ መንግሥት ወደ ቀድሞው የአከፋፈል ልማድ እንዲመለስ አስገደደ። ብዕሩን ከእንግሊዝ ማስመለስ አንድ ነገር ነው፤ ለግብር ከፋዩ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው አልተደረገም።

የጥገና መስመር

ወደ መንገዱ ልመለስ። በቁጠባ ዘመን ማንም ሳያለቅስለት የሚሞት አንድ የበጀት መስመር አለ፤ ጥገና። ደመወዝ ሲቆረጥ ሠራተኛ ይጮኻል። አዲስ ግንባታ ሲቆም ተቋራጩ ይጮኻል፣ ሪባን የሚቆርጠውም ባለሥልጣን ይከፋዋል። ቦይ ሳይጠረግ፣ ድልድይ ሳይታይ፣ የተሸረሸረ ጠጠር ሳይሞላ አንድ ክረምት ቢያልፍ ግን ማንም አይሰማም። በሁለተኛውም ክረምት እንደዚሁ። በአምስተኛው ላይ መኪናው ይሰማል።

ጣሊያን በሠራቸው መንገዶች ላይ የደረሰው ይህ ነው። በጦርነቱ ድልድዮች ፈረሱ፤ ከ1933 በኋላ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብም፣ መሣሪያም፣ መሐንዲስም ጠፋ፤ አስፋልቱ በየዓመቱ እየተበላ ሄደ። በ1943 የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። ብድሩ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያው ከሆነው ጥቅል ውስጥ ነው። ከብድሩም ዋናው ሥራ አዲስ መንገድ መቅደድ አልነበረም፤ የነበረውን መልሶ ማቆም ነበር። በ1930ዎቹ በጠገራና በሽልንግ ሊጠገን የሚችለው በ1940ዎቹ በዶላር ዕዳ ተጠገነ። የቁጠባ ወጪ ማለት ይህ ነው። የንግድ ሰው በራሱ መኪና ዘይት ሳይቀይር ‘ቆጠብኩ’ አይልም።

ይህ ትምህርት ቀስ ብሎም ቢሆን ገብቶን ነበር። በ1985 ብር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወርድና የመዋቅር ማስተካከያው ሲመጣ፣ ወጪ ይቀነስ የሚለው ትእዛዝ ዳግመኛ መጣ። ነገር ግን ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1989፣ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከነዳጅ ላይ እየተሰበሰበ ለብቻው እንዲቀመጥ ተደረገ። በዚያ ዘመን ከወጡ ሕጎች ለነጋዴ ከጠቀሙት መካከል አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የሚያወድሰው ሰው ግን አልሰማሁም።

የሐምሌ 22 መቀስ

አሁን ወደ ራሳችን ጊዜ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ በዚያው ቀን የዓለም ገንዘብ ድርጅት የ4 ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ከዚያ በፊትም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተወስኖ ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ‘ማሻሻያ’ ተባለ። ማሻሻያው አያስፈልግም ነበር የሚል ሰው በሁለት ተመን መካከል ሲነግድ የነበረ ሰው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ነገር ግን ቁጥሩን እንይ። የ2017 የፌዴራል በጀት ሲጸድቅ 971 ቢሊዮን ብር ነበር። በኅዳር 2017 የ582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት መጣ። የ2018 በጀት ደግሞ 1 ትሪሊዮን 930 ቢሊዮን ብር ሆነ። ሲታይ በአንድ ዓመት እጥፍ ሆኗል፤ ታዲያ ቁጠባው የት አለ? ቁጠባው ያለው በምንዛሪው ውስጥ ነው። 971 ቢሊዮኑ በተለቀመበት ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ይህ 17 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። የ2018 በጀት ሲጸድቅ ዶላሩ ከ135 ብር በላይ ነበር፤ 1 ትሪሊዮን 930 ቢሊዮኑ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። እንግዲህ በጀቱ በብር አበጠ፣ በዶላር ከሳ። አስመጪ በዶላር ያስባል፤ መምህሩና ነርሱ በብር ይከፈላቸዋል። ልዩነቱን የተሸከመው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በ1929 ሊሬ ላይ የተደረገውም ይኸው ነበር፤ ማንም እጁን አውጥቶ ድምፅ ያልሰጠበት ቅነሳ።

የምንዛሪውን መቀስ ማንም መንግሥት ሙሉ በሙሉ ሊያስቀረው አይችልም፤ ይህን እረዳለሁ። ሊያደርገው የሚችለው በመዝገቡ ላይ ያለውንና የሌለውን ወጪ እኩል ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ዓይኔን ወደ የካ ተራሮች ማንሳት ግድ ይለኛል።

ከኮተቤ በላይ በጋራው ላይ የሚሠራው፣ በተለምዶ ጫካ ፕሮጀክት የሚባለው፣ አዲሱን ቤተ መንግሥትና ከተማ የሚጨምረው ግንባታ ወጪው ከተወራው 49 ቢሊዮን ብር በብዙ እንደሚበልጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2015 ለምክር ቤቱ ተናግረዋል። ገንዘቡም ከምክር ቤቱ ከሚጸድቀው በጀት እንዳልወጣ አስረድተዋል። ብዙ ሰው በዚህ መልስ ተረጋጋ። እኔ በተቃራኒው ነው የሰጋሁት። ከበጀት ውጭ የሆነ ወጪ፣ ምንጩ ለጋሽም ይሁን ባለሀብት፣ ከቅነሳም ውጭ ነው። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ናፍጣውና መሐንዲሱ ግን የሚመጡት ሁላችንም ከምንገዛበት ገበያ ነው። የሲሚንቶ ዋጋ በጀቱ ውስጥ ላለውና በጀቱ ውስጥ ለሌለው ግንባታ ተለይቶ አይጠራም። ኋላም መብራቱ፣ ጥበቃው፣ የመንገዱ ጥገና በየዓመቱ የሚጠይቀው ወጪ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ለጋሽ የለም።

ጋራ ላይ ቤተ መንግሥት ማቆየት ምን እንደሚያስከፍል እንጦጦ ራሷ ታውቃለች። ምኒልክ ከተማቸውን እዚያ ሲቆረቁሩ ማገዶውም ውኃውም ስንቁም በሰውና በአጋሰስ ጀርባ ነበር የሚወጣው። እንጨቱ ተመናመነ፣ ብርዱም በዛ፤ በ1879 ገደማ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃው ወረዱ፣ ከተማውም ተከተላቸው። ባህር ዛፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የበጀት ጽሕፈት ቤት አልነበረም፤ ነገር ግን ወጪው በዓይን የሚታይ ስለ ነበር ውሳኔው ብዙ አልዘገየም። ተሸካሚው በየቀኑ በደጃፍ ያልፋል። በዘመናችንም ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ያንኑ ዳገት ያውቁታል።

በአንጻሩ ወጪ ቅነሳው በግልጽ የሚታየው ከታች ነው። ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ የኮሪደሩ ሥራ ሲመጣ ሱቃቸው የተነሳባቸው ነጋዴዎች የካሣውንና የምትክ ቦታውን ነገር ራሳቸው ያውቁታል። ሥራ አስረክበው ክፍያ የሚጠብቁ ተቋራጮችም እንደዚሁ። ያልተከፈለ ሒሳብ በመንግሥት መዝገብ ላይ ‘ቁጠባ’ ሆኖ ይታያል፤ በተቋራጩ መዝገብ ላይ ደግሞ የባንክ ወለድ ነው። ደላላ ይህን ከማንም ቀድሞ ያያል፤ መሣሪያ በርካሽ ለሽያጭ ሲቀርብ ምክንያቱን ይጠይቃል።

እንግሊዞችን ‘ፈቃድ’ ከሚለው ‘ትብብር’ ወደሚለው ቃል ለማምጣት ስምንት ወር የተከራከሩት ሰዎች ዋና ሐሳባቸው የኢትዮጵያን ወጪ ኢትዮጵያዊ ይወስን የሚል ነበር። ተሳክቶላቸዋል። ዛሬ ከዋሽንግተን የሚመጣው ልዑክ የሚያነጋግረው የራሳችንን ሚኒስትር ነው፤ ፊርማውም የእኛ ነው። ስለዚህ ‘የውጭ ሰዎች አስገደዱን’ የሚለው ምክንያት በግማሹ ብቻ ነው የሚያስኬደው። ጉድለቱ ስንት መሆን እንዳለበት አበዳሪው ይናገር ይሆናል። ጥገና ይቆረጥ፣ የጋራው ግንባታ ይቀጥል የሚል አበዳሪ ግን አላየሁም። ያ ምርጫ የእኛ ነው።

የሚቀጥለው ረቂቅ በጀት እንደ ልማዱ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ለምክር ቤት ይቀርባል። የንግድ ምክር ቤቶቻችን በየዓመቱ ስለ ታክስ ተመን አስተያየት ይዘው ይሄዳሉ፤ ጥሩ ነው። ዘንድሮ ከእርሱ ቀደም ብለው ሦስት ወረቀት ይጠይቁ። የመንገድ ጥገና ባለፈው ዓመት ስንት ተመድቦለት ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ? ለተቋራጮችና ለአቅራቢዎች ያልተከፈለው ውዝፍ ስንት ነው? ከበጀት ውጭ የሚሠሩት ሥራዎች ሲያልቁ የዓመት ወጪያቸው በየትኛው መሥሪያ ቤት ስም ይያዛል? የመጀመሪያውን ለማግኘት አይቸገሩም። በሁለተኛው ጥቂት ይመላለሱ ይሆናል። ሦስተኛውን ሲጠይቁ ወደ ሌላ ቢሮ ይመሯቸዋል፤ የዚያን ቢሮ ስም ጽፈው ይያዙ።